ለሽማግሌዎች የተነጠፈው ጉሬዛ

ኮተቤ፣ ኅዳር ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ውድ አካሉ፣

ሰኞ ሪፖርቱን ከማስረከብህ በፊት ይህ እንዲደርስህ በእህትህ እጅ ልኬዋለሁ። አንብበህ ዝም እንዳትል።

ግን ምን ነካህ? ከአገሩ ሽማግሌ ሁሉ መርጠህ የአራዊት ጥበቃ አለቃህን አቶ ወልደ ሐዋርያትን ትልካለህ? እንደምትከበር ልታሳየን ፈልገህ ነው። አባቴም እንግዳ አክባሪነቱን ሊያሳይ ፈለገ። በሁለታችሁ ክብር መካከል እኔ ገደል አፋፍ ላይ ቆሜያለሁ።

ሽማግሌ ሲመጣ ልጃገረድ ጓዳ አይደል የምትገባው? የተነጠፈላቸውን የጉሬዛ ቆዳ ያየሁት በመጋረጃው ቀዳዳ ነው። አለቃህ ነጩን ጠጉር ሲዳብሱ ቆይተው፣ “አቶ ነገሳ፣ ይህ ቆዳ አዲስ ነው?” አሉ።

“ለእናንተው ብዬ ነው፤ ከየካ ጫካ፣ ከጥዱ ላይ ያወረድኩት” አለ አባቴ እየሳቀ።

ሲወጡ ሙሉ ስሙን ጠየቁት።

ዓምና በመስከረም ማርያም፣ ከእንጦጦ ስንወርድ ከመንገድ ወጣ አድርገህ ካሳየኸኝ ጉሬዛዎች አንዱን ነው የገደለው። እናቲቱ ሆድ ላይ የተለጠፈውን ነጭ ልጅ እያሳየኸኝ፣ በየካ የቀሩት እነዚህ ብቻ መሆናቸውን፣ ይጠበቁ ብለህም ለመንግሥት መጻፍህን ስትነግረኝ ድምፅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። የወደድኩህ ያን ዕለት ነው። ባለፈው እሑድ ማታ እንግዶቹ ሄደው ቆዳውን ሳጥፍ ትንሹ ተርፎ ይሆን እያልኩ አለቀስኩ።

አለቃህ የገዳዩን ስም ሪፖርቱ ውስጥ እንድታስገባ ማዘዛቸውን እህትህ ነግራኛለች። ከጻፍከው አባቴ ይታሰራል። ከደበቅኸው አንተ ከሥራ ትባረራለህ። እሱ ደግሞ ስሙ የተጠየቀው ለሹመት መስሎት፣ “ነገሳ ጉተማ ተብሎ ከነአባቴ ይጻፍልኝ” እያለ ለመንደሩ ያወራል። ልነግረው አፌን እከፍትና ፊቱን ሳይ ቃሉ ይጠፋብኛል።

አካሉ፣ ጻፈው። ለእኔ ብለህ ብትደብቀው፣ ያ የደበቅኸው ነገር ዕድሜ ልካችንን በመካከላችን ይቀመጣል። አባቴን እወደዋለሁ፤ እንዲታሰር አልፈልግም፤ ግን ጻፈው።

ብቻ ይህን ከፖሊስ ሳይሆን ከአንተ አፍ መስማት አለበት። ነገ እሑድ ነው። ልጅ የጠየቀ ወንድ “እሺ” ሳይባል ደጃፍ እንደማይረግጥ አውቃለሁ። አባቴ ዱላ ያነሣ ይሆናል፤ እኔንም ይከለክልህ ይሆናል። ይሁን። ነገ ጓዳ አልገባም፤ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

ለእኔ ሽማግሌ ልከሃል። ለእሱ ግን ራስህ ና።

ኢፍቱ ነገሳ