በእርሳስ የተጻፈው መስመር

የሆዴ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያለሽበትን አገር ሰላም ያድርግልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ጉልበቱን ከማማረር በቀር ምንም አልሆነም።

የተማርሽውን የኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ትምህርት የሚገመግሙ ሰዎች ዩኒቨርሲቲው መጥተው፣ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮዬን ሲያምሱት ሰነበቱ። ወርክሾፕ ገብተው የመመረቂያ ሥራሽን፣ ያንን የውሃ ፓምፕ፣ አስነሱት። ምንም ሳያንገራግር ተነሳ! «ይቺ ልጅ አሁን የት ነው የምትሠራው?» አሉኝ። «ፎርሙ ላይ ሞልቼ እሰጣችኋለሁ» አልኳቸው።

ተመራቂዎቹ የት እንደተቀጠሩ የምመዘግበው እኔ ነኝ። የሌሎቹን እናቶቻቸው ጋ እየደወልኩ ሞላሁ፤ ያንቺ መስመር ብቻ ባዶ ቀረ። አንቺ እንደሆን «ሥራ አለኝ» ከማለት አታልፊም። አባትሽ «መሐንዲስ ብለሽ ጻፊ፣ ማን ሄዶ ያያል?» ብሎ ተቆጣኝ። ጻፍኩ። በእስክሪብቶ ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ በእርሳስ ነው የጻፍኩት።

ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ ፀጉርሽን ስትሰበስቢ እጅሽን አየሁት። የማሽን ዘይት የነካው እጅ አይደለም፣ ሳሙና የበላው ነው። ቢሮ ከመግባቴ በፊት ስድስት ዓመት የዚህኑ ዩኒቨርሲቲ ወለል ሳጥብ ኖሬያለሁ፤ ያንን እጅ አልስተውም።

አልቆጣሽም፣ አላፍርብሽም። ፎርሙን ሰኞ ይወስዱታል፤ እውነቱን ንገሪኝና ላስተካክለው።

አምላክ ጉልበትሽን ያበርታው፣ የደከምሽበትን ይባርክልሽ። እባክሽ የኔ እናት፣ ከመተኛትሽ በፊት እጅሽን ቫዝሊን ቀቢው።