ቦራ የሚሰማው ቋንቋ

ረቡዕ፣ ግንቦት 19

አያ ቢያዝን ለግንቦት 26 ሆስፒታል ተቀጥረዋል።

ዛሬ ገብርኤል ስለሆነ ቤት አገኘኋቸው። ከቡሬ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ በእግር። ሕመሙ ሳንባቸው ላይ ነው። ድምፃቸው ካለፈው ወር ቀንሷል። ልጃቸው ስመኘው ከሆስፒታል መልስ አባቱ እርፍ እንደማይጨብጡ ቆርጧል።

የመጣሁበትን ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። አያ ቢያዝን ሲያርሱ ለበሬዎቻቸው የሚናገሩት አማርኛ አይደለም። ጎረቤታቸው አዊ ናቸው፤ አገውኛም አይደለም ይላሉ። ከአባታቸው ነው የለመዱት፣ አባታቸውም ከአያታቸው። የአያታቸው ወገኖች ጋፋት ይባሉ ነበር። ጋፋትኛ ተናጋሪ እንዳልቀረው መጻሕፍቱ ከጻፉ ቆይተዋል። የእሳቸው ቃል ከዚያ የተረፈ ይሁን አይሁን አላውቅም። ማስረጃ ሊሆን የሚችለው ድምፁ ብቻ ነው፤ እሱን የሚሰማ ምሁር አይጠፋም።

ሃያ ምናምን ዓመት ይሆነዋል፣ አባታቸውን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ በቆሎ ምርጥ ዘር ልጽፍ መጥቼ ነበር። ሽማግሌው በሬዎቹን ከቀንበር ሲፈቱ እጃቸውን በከብቶቹ አንገት ላይ አድርገው ረጅም ነገር ተናገሩላቸው። ማስታወሻዬ ላይ «በሬ ሲፈታ የሚባል፣ ይጠየቅ» ብዬ ጻፍኩ። አልጠየቅሁም። ጽሑፉ ውስጥ ስለዚህ አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች። ቦታ ሲጠብ ቆረጥኳት። አዘጋጁ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

«አሁን ይበሉልኝ» አልኳቸው ለአያ ቢያዝን።

«ተቀምጬ አይመጣልኝም። እርፉን ስጨብጥ ነው እጄ የሚያስታውሰኝ።»

የመቅጃዬ ባትሪ ደክሟል። «ከነገ ወዲያ መጥቼ ሲያርሱ እቀዳለሁ» ለማለት አስቤ «ከነገ ወዲያ እመጣለሁ» ብቻ አልኩ።

«ይምጡ፣ ቤትዎ ነው።»

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

ፍኖተ ሰላም ዋልኩ። ባትሪ ገዛሁ፣ ትርፍም ያዝኩ። መቅጃውን ከፍቼ ጠረግሁት፣ በራሴ ድምፅ ሞከርኩት። ይሠራል።

የምጠይቀው፦ ሲጠምዱ የሚሉት። ትልሙ ጫፍ ላይ ሲያዞሩ። ድንጋይ ሲገጥማቸው። ሲፈቱ፤ ይህን ሁለት ጊዜ ማስደገም።

ከሰዓት ዘነበ። ለነገ መሬቱ ይለሰልሳል። ደስ ብሎኝ ዋልኩ፤ ከጋዜጣ ቤት ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ሥራ ጠብቄ አላውቅም።

ዓርብ፣ ግንቦት 21

በሩ ላይ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩሰው ተቀበሉኝ። «እንኳን ለማርያም አደረሰዎ!»

ቆሜ ቀረሁ። ሃያ አንድ። ማርያም። ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ ላይ ቀን ሳርም የኖርኩ ሰው፣ በማርያም ቀን በሬ እንዲጠመድልኝ መቅጃ ይዤ መጣሁ።

አያ ቢያዝን ከእኔ በላይ ተጨነቁ። «ለማርያም ሊጠይቁን መስሎኝ ነዋ እሺ ያልኩዎ። ለእርሻው ከሆነማ ሐሙስ ይምጡ እልዎ ነበር።»

ትናንት አርሰዋል። ግማሽ ቀን። እኔ መቅጃ ስጠርግ እሳቸው ጠምደዋል፣ አዙረዋል፣ ፈትተዋል፤ ያንን ረጅም ነገር ለበሬዎቹ ብለዋል። ዝናቡ ማሳ ላይ ደርሶባቸው ዛሬ ከመደብ አልተነሡም። ሲያስሉ ትከሻቸው ይነሣል።

«ሳናርስ እንዲሁ ብንጠምዳቸውስ?» አልኩ። ከአፌ ሳይወጣ ነበር ማፈር የነበረብኝ።

«ጋዜጠኛ ማርያምንም ያታልላል እንዴ!» ብለው ሣቁ።

እትዬ ጥሩሰው አዘኑልኝ መሰለኝ። መሐል ወለሉ ላይ ቆሙና «በል እስቲ፣ እኔን ቦራ ነች ብለህ ተናገር። አርባ ዓመት ጠምደኸኝ የለ!» አሏቸው። ቦራ ቀኝ በሬያቸው ነው፤ ግንባሩ ነጭ፣ ያረጀ።

«አንቺ መቼ ዙሪ ስልሽ ዞረሽ ታውቂያለሽ!»

ሣቅ ሆነ፤ ሣቁ ሳል ሆነ። ከሳሉ በኋላ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሦስት ቃል አሉ። ቀዳሁ። ሳዳምጠው ሁለተኛው ቃል በሳል ተውጧል። እዚህ አልገለብጣቸውም፤ በትክክል መስማቴን አላረጋገጥኩም።

ስመኘው ገብቶ ሰማ። አልሣቀም። «ትምህርት ቤት ሳለሁ እነዚያ የበሬ ቋንቋ የሚያወሩት እያሉ ነው የጨረሱኝ። ይኸ ነገር ሳይቀዳ ቢቀርስ ጋሼ?» አለኝ። ቀጥሎም ወደ እናቱ ዞሮ፣ ቦራን ነገ ቡሬ ገበያ እንደሚያወጣው ተናገረ። አባቱ ካላረሱ ያረጀ በሬ ማን ይቀልባል?

አያ ቢያዝን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔ ምን መብት አለኝ?

ነገ ቅዳሜ ነው። ከዚያ እሑድ፣ ጊዮርጊስም ነው። ሰኞ ተክለ ሃይማኖት፤ ይህ ቤት ይይዘዋል። ረቡዕ ሆስፒታል። የቀረው ማክሰኞ ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 22

ቡሬ አደርኩ። የከብት ተራው ገና ሳይሞላ ስመኘውንና ቦራን አገኘኋቸው። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። በሬውን ልገዛው አልችልም፤ የማስርበትም የለኝ።

ከመራዊ በኩል የመጣ ገዢ ጥርሱን አየ፣ ሻኛውን ዳሰሰ። ከዚያ በአለንጋው ነካ አድርጎ «ዙር!» አለው። ቦራ ቆመ። ደገመው። ቦራ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም።

«አንተ ልጅ፣ ደንቆሮ በሬ ነው የምትሸጥልኝ?»

የስመኘው ፊት ደም መሰለ። ግራና ቀኙን አየ። ከዚያ ወደ ቦራ ጆሮ ጎንበስ ብሎ አንድ ቃል ተናገረ። ቦራ በአንድ እግሩ እንደተተከለ ዞረ።

«ምን አልከው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ይህን ስገዛ አንተንም አብሬ ልግዛ?» ብሎ ገዢው ወደ ሌላ በሬ ሄደ።

መቅጃው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ስመኘው ሌላ ገዢ አልጠበቀም። ቦራን እየነዳ ተመለሰ፤ አብሬው ሄድኩ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ ሳልጠይቀው፣ «እሷን አንዷን ብቻ ነው የማውቅ» አለ። «ሲፈታ የሚሉትን አላውቅም። ሊፈቱ ሲሉ እኔ ሁልጊዜ ወደ ቤት እሮጥ ነበር። ይርበኝ ነበራ።»

እኔም ያኔ ቸኩዬ ነበር አልኩት። መኪና እየጠበቀኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 23

ስልክ አይሠራም። አያ ቢያዝን ቤተ ክርስቲያን እንዳልሳሙ ከዚያ ሰፈር የመጣ ባለባጃጅ ነገረኝ። ሳይሳለሙ የቀሩበት እሑድ ትዝ አይለውም።

ስለ ጠፉ ሕዝቦች የጻፍኳቸውን አሮጌ ጽሑፎች አሰብኩ። «ጠፉ» የሚለውን ቃል በቀላሉ እጠቀም ነበር። ሰዎቹ ግን የትም አልሄዱም። ቡሬ ገበያ በርበሬ ይሸጣሉ፣ ማኅበር ይጠጣሉ፣ ሲጠየቁ ጎጃሜ ነን ይላሉ፤ ናቸውም። አፋቸውን ነው የተዉት። ልጅ እንዳይሣቅበት ብለው፣ ከቤት ወደ ማሳ አወጡት። ማሳ ላይ የሚሰማው በሬ ብቻ ቀረ። እኔ ደርሼበት ነበር፣ ገና ሰው በሙሉ ድምፁ ሲናገረው። የቆረጥኩት አንድ መስመር ነው ብዬ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ።

ሰኞ፣ ግንቦት 24

ተቀምጠው አገኘኋቸው። ትንሽ ቀምሰዋል። ልናገር ያሰብኩትን ተናገርኩ፦ የሚጎዳዎ ከሆነ ይቅር፣ ለእኔ ብለው እንዳይነሡ።

«ለእርስዎ ብዬ መቼ ሆነ» አሉ። «ቦራን ሳልሰናበተው አልሄድም። እርስዎ ከፈለጉ ቆመው ይስሙ።»

እትዬ ጥሩሰው «ከእኔ ይልቅ ለበሬው ነው የሚጨነቅ» ብለው ወጡ። ውጭ ሆነው አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ።

ስመኘው አልፈቀደም፤ አልከለከለምም። ሐሳቡ ይህ ነው፦ እሱ ይጠምዳል፣ እሱ ያርሳል። ለመጨረሻዋ ትልም አባቱ እርፉን ይጨብጣሉ፣ እሱ ከጎን ይደግፋቸዋል። ከዚያ ይፈታሉ። ሳሉ ከባሰ ግን በሬም አይጠመድም፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

«እኔም እዚያው እቆማለሁ» አለ። «አልሮጥም።»

ባትሪዎቹን ቀየርኩ። ስለ ማክሰኞ ሁለት ሰው ጠየቅሁ፣ አንዱ ቄስ ናቸው፤ በዚህ አገር ሃያ አምስት አይያዝም። በሬ ይጠመድ አይጠመድ ስመኘው ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ላይ ይነግረኛል።