የእናታችን አንገት

ለወንድሜ ለአባቦራ፣ እዚያ አርጊሪስ ለሚሉህ፤

ሰላምታዬ ከአቴና ብርድ ቀድሞ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ ደረጃ ይወጣልሃል? እንቅልፍ ትተኛለህ? ባለቤትህስ ከሳሉ ዳነች? እኔ አልሐምዱሊላህ ሰማንያ አንድ ዓመቴን ይዤ፣ በራሴ ጥርስ እየበላሁ፣ ያለ መነጽር እያነበብኩ አለሁ። ስለዚህ የላክኸው ሁሉ ታይቷል።

ስለ ሕይወትህ ለዚያው አገር መጽሔት የተናገርኸውን ወደ አማርኛ መልሰህ መላክህ መልካም ነው። አሥራ አራት የፊደል ስህተት አግኝቼ በቀይ አርሜዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። የፊደሉ ግን ቀላሉ ነው።

ቀራፂ ያደረገኝ አባቴ ነው ብለሃል። ሐሰት አይደለም። ሙሴ ስታቭሮ ጂማ አጠገብ ሰርቦ ከተማ በነበረው የቡና መቀሸሪያ ቢሮው ውስጥ የአገሩን የእብነ በረድ ሐውልቶች ከቀን መቁጠሪያ እየቆረጠ ግድግዳው ላይ ይለጥፍ ነበር፤ አንተም ጭኑ ላይ ተቀምጠህ በጣትህ ትከተላቸው ነበር። እኔ የእንጀራ ልጁ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ለእነዚያ ራቁት ሴቶች ያልጠበበው ቢሮ፣ እናታችን አንገቷን በሻሽ ካልጠመጠመች አያስገባትም ነበር። ይህን አልጻፍኸውም።

ቀጥለህም «የእናቴ የከድጃ ረጅም ለስላሳ አንገት የመጀመሪያ ትምህርቴ ነው» ብለሃል። አባቦራ፣ እናታችን እንቅርት ነበረባት። ከአገጯ ሥር ጀምሮ ደረቷ ላይ የወረደ፣ ስትስቅ የሚወዛወዝ እንቅርት። ፎቶዋን የላክህልኝ የነሐስ ሴት አንገቷ ሸምበቆ ነው፤ ከሥሯ ግን «ከድጃ» ተብሎ ተጽፏል።

ከረሳኸው ላስታውስህ። ዘጠኝ ዓመትህ ነበር፤ ክረምት ነው። ከመቀሸሪያው ጀርባ ከቡና ለቃሚዎቹ ልጆች ጋር ተቀምጠህ የእናታችንን ራስ በጭቃ ሠራህ። እንዲስቁልህ ነው የሠራኸው። «የከድጃ ስልቻ! የከድጃ ስልቻ!» እያሉ መሬት ላይ ተንከባለሉ፤ አንተም አብረህ ሳቅህ። እሷ ልብስ ልታሰጣ ብቅ አለች። በእግርህ ልትጨፈልቀው ስትል ክንድህን ይዛ «ኮቱ፣ ና ልጄ፣ አታበላሸው፤ እኔው ነኝ እኮ!» አለችህ። ከዚያ ቁጢጥ አለችና በግራ እጇ አንገቷን እየዳበሰች በቀኟ ጭቃ ጨመረችበት። «በዚህ በኩል ይበልጣል፤ አስተውል እንጂ» አለች። ከሥራህ ሁሉ እናታችንን የሚመስል እሱ ብቻ ነው። በክፋት ሠራኸው፤ ግን አይተሃት ነበር። ያንን ትምህርት ከመጽሔቱ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ቦሳ አዲስ ያለው የእናታችን ግቢ በስሜ ስለሆነ፣ ሐውልቱ እዚያ እንዲቆም ፈርሜ እንድልክልህ ጠይቀሃል። አልፈርምም። ጎረቤቶቻችን የሰው ምስል በግቢ መቆሙን አይወዱት ይሆናል፤ ያን እኔ ተናግሬ እጨርሰው ነበር። እምቢ ያልኩት ራሴ ነኝ። ሐኪሙ ከእንግዲህ እጅህ መሣሪያ እንደማይጨብጥ ነግሮሃል። «ረይሃናዬ፣ ይህ የመጨረሻዬ ነው፤ ከእናታችን ደጅ ካልቆመ የትም አላቆመውም» ብለሃል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴም አልቅሻለሁ። እንግዲያው የትም አይቁም። ነሐስ እንደሚቀልጥ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

ልጄ ፋሂም ስለ እጅህ ሰምቶ አዝኗል፤ በየሶላቱ ዱዓ ያደርግልሃል። ሚስቱ ሲሃም አንተንም ባለቤትህንም ሰላም ብላለች፤ ለሳሉም ማር ልካለች። ልጃቸው ሩፈይዳ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ማንበብ ጀምራለች። ትናንት ፎቶውን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስታ «አኮ፣ አያቴ፣ ይቺ ቆንጆ ሴትዮ ማን ናት?» አለችኝ። የተጻፈውን እንዳታነበው በአውራ ጣቴ ሸፍኜ፣ አላውቃትም አልኳት።

እህትህ ረይሃና
ጂማ፣ ቦሳ አዲስ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.