ውሃው ጋ ሲደርስ የተቆረጠው ዘፈን

መጋቢት 12 ቀን 2009 ዓ.ም.። ጠዋት ገብስና ድንች ከቦሬ ገባ። ሳሙና አለቀ። ዝናብ የለም።

ለወንድሜ ለአምሀ ኃይለመስቀል፤

ቀኑንና የጠዋቱን ሥራ ሳላሰፍር ብዕሬ እንደማይንቀሳቀስ ታውቃለህ፤ የማስታወሻ ደብተሬ ልማድ ነው። እንደምን ሰነበትክ? የአዲስ አበባ ብርድ ደረትህን ተወው ወይ? የአክስታችን የወለተሐና ጉልበትስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት። ደህና ስልህ ትበላለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች ማለቴ ነው። ስላንተ የሚጠይቃት ሲመጣ ግን ወሬ ትቀይራለች።

መደወል እችል ነበር። በስልክ ግን አንተ ትስቃለህ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ወረቀት አይስቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት የኮሌጁ ተማሪዎች እንደ ልማዳቸው የሱቄ በረንዳ ላይ ለስላሳ ይዘው ተቀምጠው ነበር። የመምህር ወልደሥላሴ ልጅ ሰለሞን ያንተንና የጓደኞችህን ፊልም በፍላሽ ይዞ መጣና ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው። ገና ሳይጀመር ክርክሩ ደራ። ሰለሞን «የአዲስ አበባ ፊልም እኮ ቪላ፣ የሀብታም ልጅና የሚያለቅስ ሹፌር ነው፤ ቢያንስ ይሄኛው የኛን አቧራ አሳየ» አለ። ጃዋር ደግሞ «አቧራችንን አይቼ አልጠግብም ብለህ ነው? በየክሊፑ የባህል ልብስ ለብሰው ይዘላሉ፣ ሲያልቅ አውልቀው ይሄዳሉ። ፖለቲከኛውም እንደዚያው ነው» አለው። እኔ እቃ እየደረደርኩ እሰማ ነበር። ወንድሜ የሠራው ነው ብዬ ኮርቼ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ከዚያ የጎረቤታችን የአባባ ዱባ ድምፅ በኦሮምኛ ሲያዜም መጣ። ወዲያው ነው ያወቅሁት። በስክሪኑ ላይ ጎረምሶች በዱላ አቧራ እያስነሱ ይሮጣሉ፣ ከሥር በአማርኛ «ወደ ጦርነት ኑ» የሚል ተጽፏል። ጃዋር አጨበጨበ። ሚልኪ ግን፣ ያቺ ቀጭኗ የዲባ ልጅ፣ ጠርሙሷን አስቀምጣ «መልሰው እስቲ» አለች። ሰለሞን መለሰው። «ሎን ኮታ ነው እኮ የሚሉት። ሎላ አላሉም። ከብት ነው የሚጠሩት። ላሟን ነው እንዴ ለጦርነት የምትመለምሉት?» አለች። በረንዳው በሳቅ ሞላ። ሳቁ የቆመው መጨረሻ ላይ «ትርጉም፦ አምሀ ኃይለመስቀል» የሚለው ሲወጣ ነው። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

አምሀ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ሎንና ሎላ ተምታተውበት ነው እል ነበር። ከብትና ጦርነት በአንድ ፊደል መለየታቸውን ግን አንተ ጡት ስትጥል ነው ያወቅከው። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጎጃም ለማስተማር በመጣ ሰሞን ማታ ጎረቤት ሁሉ «ሎን! ሎን!» እያለ ሲጣራ ጦርነት መጣ ብሎ አልጋ ሥር መግባቱን ስንት ዓመት ስንስቅበት ኖርን። በሩን አንኳክተው «መምህር፣ ላሞቹ ናቸው የገቡት» ብለው ያወጡት ማን ነበሩ? አባዬ ባለማወቅ የተሳሳተውን አንተ አውቀህ ጻፍከው።

እሁድ በስልክ ስጠይቅህ «ዳይሬክተሩ ነው ጠንከር ይበል ያለው፤ ከብት ሲባል ተመልካች ይስቃል» አልከኝ። እየሳቅክ ነው ያልከኝ። አባባ ዱባ ለምን እንደምትቀዳቸው ሲጠይቁህ ለቤታችን ማስታወሻ ነው ያልካቸው እኔ ባለሁበት ነው። ከብት በሌለበት የከብት ዘፈን ማዜም ማላገጥ ነው ብለው ያቺን ድርቁ ያከሳትን ቀይ ላም አስመጥተው፣ ግንባሯን እያሻሹ ነው ያዜሙልህ። ላሟን ከፊልሙ አውጥታችኋታል። ዘፈኑንም «ቢሻን ዱጋ»፣ ውሃ ጠጡ፣ የሚለው ጋ ሊደርስ ሲል ቆርጣችሁታል። ውሃው ቢሰማ ኖሮ ማንም ጦርነት ነው አይልም ነበርና።

አሁን ፊልሙ በየሰዉ ስልክ ይዞራል፤ እስከ ተልተሌ ደርሷል አሉ። ትናንት ከአንድ ቢሮ ሁለት ሰዎች መጥተው አባባ ዱባን ሰው ለጠብ ቀስቅሰዋል ተብሎ ነገ ጠዋት ይቅረቡ ብለዋቸዋል። ጊዜው እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ የገባ ሁሉ በዕለቱ አይወጣም። በዚህ ድርቅ እሳቸው ቢያዙ ያቺን ላም ወደ ኤላ፣ ወደ ውሃ ጉድጓዱ፣ የሚነዳት የለም።

ቤታቸው ሄጄ «አካም፣ ናጋ?» ብዬ ሰላማቸውን ስጠይቅ «ናጋውን ወንድምሽ ጋ ፈልጊው» አሉኝ። ቀጥለውም «አባታችሁን ከአልጋ ሥር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጁ ደግሞ እኔን አስገባኝ» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ነገ አብሬዎት እመጣለሁ አልኳቸው።

ካንተ የምፈልገው ይቅርታ አይደለም፤ እሱን ለእሳቸው ታቆየዋለህ። ቃሉን አስተካክሉና ዘፈኑን ሙሉውን ልቀቁት። ስምህን አውጣ አልልህም። ስምህ እዚያው ይቁም፣ ከሥሩ እውነቱ ይጻፍ። ጓደኞችህ እምቢ ካሉህ በራስህ ስም፣ በራስህ አፍ፣ ቃሉ ከብት ነው ብለህ ተናገር። ተመልካች ከሳቀም ይሳቅ፤ እኛ ቤት በዚህ ቃል ሲሳቅ ነው የኖረው፣ ማንም አልታሰረበትም።

አክስታችንን ወለተሐናን ጉልበታቸውን ስመህ ሰላም በልልኝ። ለጋሽ ገብረወልድ የላክሁት ማር ደርሷቸው እንደሆነ ጠይቅልኝ። ረሆቦትን በፈተናዋ በርቺ በላት። ሚልኪ «ለተርጓሚው ሰላምታ አቅርቢልኝ» ብላለች፤ እንዳለችው ጻፍኩልህ። እማዬ ሰላም በይልኝ አላለችም። ያላለችውን አልጽፍም።

እህትህ ኮከብ ኃይለመስቀል
ነገሌ ቦረና

ነገ፦ ሱቁ እስከ ረፋድ ዝግ። አንተ የቀዳህበትን አሮጌ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ፣ የሱቁን ድምፅ ማጉያ ይዤ ከአባባ ዱባ ጋር ቢሮ መሄድ። ዘፈኑን እስከ ውሃው ድረስ ማሰማት። ስመለስ ሳሙና መግዛት።