ገለባ የለበሰው መደብ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ በልጄ ቤት፣ የጠዋት ፀሐይ በምትገባበት ክፍል፣ ደህና ነኝ። ዓይኔ ቶሎ ከመድከሙ በቀር የሚያማርር ነገር የለኝም።

እናታችን ትታልን ያለፈችው ቦሎቄ ዘንድሮም መሬት ውስጥ እንደበሰበሰና የቀረው አንድ እፍኝ ብቻ እንደሆነ ጽፈህልኛል። «እትዬ፣ እጄ አይባረክም መሰለኝ፤ የእሷን ዘር የማጠፋው እኔ ነኝ» ያልከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤትህ «ቀቅለን እንብላውና እንገላገል» ማለቷ ግን አሳቀኝ። ትንሽ ትታገሠን።

አፈሩ እንዳይበርደው ብለህ የዘራህበትን መደብ በገለባ አልብሰሃል። ወንድሜ፣ ልብስ ሙቀት አይሰጥም፤ ያለውን ያቆያል። የቀዘቀዘ መሬት ከተሸፈነ እንደቀዘቀዘ ይከርማል፤ ፀሐይዋ ገለባውን አሙቃ ከሥሩ ሳትደርስ ትመለሳለች። ከምንጩ በታች ያለውን ቦታ የመረጥከውም ጥቁር አፈር ሙቀት ይስባል ብለህ ነው። መሳቡ እውነት ነው። ነገር ግን ባዶ ድስትና ውኃ የሞላው ድስት እኩል አይግሉም፤ ያ አፈር ውኃ የጠገበ ነው፤ ቦሎቄ ደግሞ በቀዝቃዛ እርጥብ መሬት ሳይበቅል ይበሰብሳል።

ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ከቤቱ ጀርባ ባለው መናፈሻ ቴርሞሜትሬን አፈር ውስጥ እሰካለሁ። አትክልተኛው «እማማ፣ ዛሬስ ትኩሳቱ በረደለት?» እያለ ያሾፍብኛል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሆኜ ስጠብቅ ሐሳቤ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ላይኛው አፈር ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይበርዳል። ግማሽ ሜትር ያህል ሲወረድ መሬቱ ቀንና ሌሊትን አይለይም፤ ባለፉት ወራት የወረደው ሙቀት ገና መንገድ ላይ ነው። አፈርን በሙቀቱ የሚመድቡ ሰዎች እዚያ ጥልቀት ላይ የሚለኩትም ለዚህ ነው። የዓመቱ አማካይ ከስምንት ዲግሪ በታች ከሆነ ቀዝቃዛ፣ እስከ አሥራ አምስት ለዘብተኛ፣ እስከ ሃያ ሁለት ሞቃት፣ ከዚያ በላይ በጣም ሞቃት ይሉታል። የሞቃቱና የቀዝቃዛው ወቅት ልዩነት ከስድስት ዲግሪ ካነሰ ደግሞ ጠባዩ የማይለዋወጥ ብለው ለብቻው ያስቀምጡታል። እናታችን ትታወሰኛለች፤ እኛ ስንግልና ስንበርድ እሷ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነበረች።

ዘር ግን የሚተኛው ላይኛው አፈር ላይ ነው። ስለዚህ ገለባውን አንሳው። አጥሩ የማያጠላበትን፣ ውኃ የማይተኛበትን፣ ፀሐይ ፊት ለፊት የምታየውን ተዳፋት ምረጥ። ቀትር ላይ መሬቱን በመዳፍህ ዳብሰህ ሞቋል አትበል። ቴርሞሜትሬን በጨርቅ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ጠዋት ጣት በሚያህል ጥልቀት ስካው። ለጥቂት ተከታታይ ጠዋቶች ከአሥራ ስድስት ዲግሪ ካልወረደ እፍኙን ለሁለት ክፈልና ግማሹን ብቻ ዝራ። ባይበቅል ምክሩ የእኔ ነው፣ በእኔ ይሁን። ይበርደዋል ብሎ መሬት የሚያለብስ ሰው እጁ አልተረገመም።

ባለቤትህን በብዙ ናፍቆት ሰላም በልልኝ። ትልቁን ልጅህን በትምህርቱ እንዲበረታ ንገረው። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ቴርሞሜትሩን አፏ ውስጥ እንዳትከተው አደራ። የአጥር ጎረቤታችንንም እንዴት ነህ በልልኝ። አንተን ደግሞ፣ ታላቅህ ብሆንም፣ ሁለቱንም እጆችህን ስሜያለሁ።

እህትህ
ከልጄ ቤት፣ ከመናፈሻው ጎን
መጋቢት ፰ ቀን