በመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ የጻፍኩት

ነቀምቴ፣ ማክሰኞ ኅዳር 16

ስለ ሽብርተኞች የሚተርከውን፣ ገዝቼ ያመጣሁትን ልብ ወለድ ሰፈርተኛው እየተዋሰ ያነበዋል፤ የጨረሰ ሁሉ በመጨረሻው ባዶ ገጽ አስተያየቱን ያሰፍራል። እኔም ስሜን ሳልጽፍ፣ «አውቶቡሱ የሚታገትበት ክፍል እንዴት ይጥማል!» ብዬበት ነበር።

ዛሬ ጫልቱ መጽሐፉን መለሰችልኝ። ከጊዳ አያና ተፈናቅላ የመጣች ጎረቤቴ ናት፤ ባሏን ከአውቶቡስ አውርደው ከወሰዱት ወዲህ ወሬው የለም።

«ኦቦ ታደሰ፣ ይሄን የጻፈው ሰው ምኑ ነው የጣመው?» አለችኝ፣ የእኔን አስተያየት በጣቷ እያሳየች።

«እንጃ» አልኳት።

ከሄደች በኋላ ሰረዝኩት። አምላኬን ይቅር በለኝ አልኩት፤ እሷን ግን ምን ልበላት? ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ብትኖር፣ «ተነሥ፣ ሄደህ ንገራት» ትለኝ ነበር። ቤቷ ከእኔ ሁለተኛው በር ነው። ጫማዬን አጥልቄ እንደተቀመጥኩ ነኝ።