ቢራ ፍለጋ ወደ ዴንቨር

ጁላይ 15፣ ሰኞ

ደብተሬ ሆይ፣ ይህን ይፋዊ መግለጫ በጥሞና ስማ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ውሃ መሳይ ቢራ ለእንግዳ አይቀርብም። መግለጫው እንደወጣ ሚስቴ ሂሩት ዳይፐር አቀብለኝ አለች። አቀበልኩ።

ምክንያት፦ ትናንት ወንድሟ ታደሰ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና፣ «ይሄ ቢራው ነው ወይስ ብርጭቆው የታጠበበት?» አለ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም በሰው ፊት ማልኩ። ለእሁዱ የልጄ ክርስትና ዴንቨር አንድ ትንሽ ጠማቂ የሚሠራው ጥቁር ቢራ ይቀርባል። እዚህ አይሸጥም። ስለዚህ በአየር ይመጣል።

ጁላይ 16፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ በፊት

ጓደኛዬ ሙሉጌታ (ከእንግዲህ ሙ.) ዴንቨር አድርሶ ሊመልሰኝ እሺ አለ። በሥራ ቀን ብሉሚንግተን የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል ድራይቭ ያደርጋል፤ በእረፍቱ ፓይለት ነው። ክሪስታል የሚባለው ትንሽ አውሮፕላን ሜዳ ላይ ከጓደኞቹ ጋር በሽርክና የገዛት ባለ አራት ወንበር አሮጌ አውሮፕላን አለችው። ቢራ አይቀምስም። ከዚህ የበለጠ ታማኝ አጓጓዥ የት ይገኛል።

የሂሩት ሐሳብ ሌላ ነው። እሷንና ታደሰን ያሳደጓቸው እትዬ አስካለ ዴንቨር ናቸው። ለልጃችን የክርስትና እናት እንዲሆኑ ለመነቻቸው። አይመጡም። የሚነዳውን ሰው ሳያዩ ሁለተኛ አውሮፕላን ላይ አይወጡም፤ አሜሪካ ሲመጡ አንዴ ተሞኝተዋል። ሂሩት ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። እኔ የቢራ ሣጥን ስንት ቦታ እንደሚይዝ አሰላሁ።

ጁላይ 18፣ ሐሙስ

ስሕተት ሠራሁ። መሄዴን ለአንድ ሰው ነገርኩ።

ኮሎምቢያ ሃይትስ ያለው አፓርታማችን ፖስታ ቤት ሆነ። አንዷ ሽሮ ለወንድሟ። አንዱ የሠርግ ቪዲዮ ለአክስቱ። ካፖርት፣ በጁላይ። «ለራስህ ትሄድ የለ፣ ምን ይከብድሃል?» ይላሉ። እምቢ ማለት አልተማርኩም። ሙ. ሚዛን ይዞ መጣ። መዘነ። እንደገና መዘነ።

ጁላይ 19፣ ዓርብ፣ ዴንቨር

ደረስን። ነብራስካ ላይ ነዳጅ ቀድተን። መልእክቱን አደልን። የዴንቨር ሰው ደግሞ የመልሱን ጫነን፤ ከመጣነው ይበልጣል። ቢራውም ተገዛ፤ አራት ሣጥን። ሣጥኖቹን ባየሁ ቁጥር ታደሰ ይቅርታ ሲጠይቅ ይታየኛል።

የሂሩትን ሰላምታ ለማድረስ እትዬ አስካለ ጋ ገባን። ሙ.ን የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት። እስከ ቅድመ አያቱ ቆጠረ። ከዚያ፣ «አንተ ነህ የምትነዳው? አጠገብህ ሆኜ አይሃለሁ?» «አዎ፣ እትዬ» አለ። ተነሥተው ሻንጣቸውን አወረዱ።

ጁላይ 20፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዴንቨር አውሮፕላን ሜዳ

ችግር። ሙ. እንዳስረዳው ዴንቨር ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ሙቀት ሲጨመርበት እንደ እንጦጦ ይሆናል፤ ይህን ሁሉ ጭና አውሮፕላኗ አትነሣም። የሆነ ነገር ይውረድ። አንገቱን ደፍቶ የእትዬን ክብደት ጠየቀ። «አንተ ልጅ፣ የበዓል በሬ መሰልኩህ?» አሉት።

መልእክቱ የሰው አደራ ነው፤ አይወርድም። የቀረን እኔ፣ እሳቸውና ቢራው። እኔ በአውቶቡስ ብመጣ ለነገ ቅዳሴ አልደርስም። የታደሰ ሳቅ ጆሮዬ ላይ አለ። የሂሩት ለቅሶም አለ።

የመጀመሪያውን ሣጥን ራሴ አወረድኩ። ከዚያ የቀሩትን። ነዳጅ የሚቀዳው ሰውዬ ቢራው ለእሱ መሆኑን ሲሰማ እጄን ጨብጦ አልለቅም አለ። እትዬ አስካለ ሦስት ጠርሙስ መልሰው የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ለመሐላህ፣ አሉኝ። እሳቸው አይጠጡም።

ጁላይ 21፣ እሁድ

ልጄ ተጠመቀች፤ በእትዬ አስካለ እቅፍ። ሂሩት ዛሬም አለቀሰች፣ ሌላ ዓይነት። ከሦስቱ ጠርሙስ በኋላ የተለመደው ውሃ መሳይ ቀረበ። ታደሰ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ማንሣት ጀመረ። እትዬ አስካለ ከጎኑ ናቸው፤ አየት አደረጉት። ጠጣ።

እርምት፦ ሰኞ በወጣው መግለጫ ከዴንቨር በአየር ይመጣል የተባለው «ጥቁር ቢራ»፣ «የክርስትና እናት» ተብሎ ይነበብ።